ሕመሜን ሊጠይቁ የሚመጡት

ዳሌዬን የሰበረው አንድ ነጭ በሬ ነው። ክፉ በሬ አልነበረም። ያኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ ከአዳማ እየተነሳሁ በወለንጪቲ ዙሪያ ያሉትን የገበሬ ማኅበራት በእግሬ እየዞርኩ ከብት መከተብ ነበር። የዚያን ቀን ከግንድ በተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከብቶቹን አንድ በአንድ እያስገባን ስንከትብ፣ ከኋላ የነበረው ወይፈን ገፋውና በሬው ደንብሮ በጎኑ ተጠጋ። እኔ በእሱና በግንዱ መካከል ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ በጀርባዬ ተዘርሬ ሰማይ ሰማይ አያለሁ፤ መርፌውን ከእጄ አልለቀቅኩትም።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ታምሜ የተኛሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ገበሬዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሱኝ። መጀመሪያ ወጌሻ ቤት ተወሰድኩ። ወጌሻው በቅቤ አሽተው በቀርከሃ አሰሩኝና ሦስት ሳምንት እንድተኛ አዘዙ። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ እግሬ ከሌላው አጥሮ፣ መርገጫው ወደ ውጭ ዞሮ ተገኘ። ያን ጊዜ ነው አዲስ አበባ የተወሰድኩት።

የሆስፒታሉ ሐኪም ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ ትልቅ ሰው ነበሩ። በአንዲት ነርስ አስተርጓሚነት፣ የጭኔ አጥንት ራስ ደም አጥቶ እንደሞተ፣ ተቆርጦ መውጣት እንዳለበትና በቦታው ብረት እንደሚተካ ነገሩኝ። የሚገባውን ብረት አምጥተው አሳዩኝ። ቆንጆ ነገር ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል። በእጄ ይዤ ክብደቱን መዘንኩትና "ይሄ እንኳን እኔን በሬውንም ይሸከማል" አልኳቸው። ነርሷ ስትተረጉምላቸው ሳቁ።

አራት ወር ደህና ሆንኩ። በአንድ ከዘራ እየሄድኩ ሥራ ልመለስ ስሰናዳ፣ አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ባልኩበት ውስጤ የሆነ ነገር ሸርተት አለ። ሕመሙ ቆይቶ መጣ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከኋላ ተጋድሜ እንደገና አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በቦታቸው የነበረው ወጣት ኢትዮጵያዊ ሐኪም የራጅ ፎቶዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ብዙ አየው።

"ብረቱ ከአጥንቱ ለቋል" አለኝ። "ወጥቶ ሌላ መግባት አለበት። ሌላ ግን የለንም። ቢኖርም አሁን የሚሠራው ሰው የለም።"

"መቼ ይመጣል?"

"አላውቅም ጋሼ። ብዋሽዎት ምን ይጠቅምዎታል?"

"እስከዚያ ምን ላድርግ?"

"አይርገጡበት" አለ። ቀጠለና፣ "ግን ደግሞ ዝም ብለው አይተኙ፤ ከተኙ ሌላው እግርዎም ይሞታል" አለኝ።

ሁለቱን ትእዛዝ ይዤ አዳማ ተመለስኩ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ያላት የቀበሌ ቤት ናት። ከበሩ ወደ ግቢው ሦስት ደረጃ አለ። መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነው፤ አራት ቤተሰብ ይጠቀምበታል። አልጋዬ ከመስኮቱ ሥር ነበር፤ መስኮቱ ግን የሚያሳየው የጎረቤቱን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለውን መንገድ በጆሮዬ ነበር የማየው። የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ይሰማኛል፤ ባቡሩ ሲገባ ይጮሃል፤ ንፋስ ሲነሳ አሸዋው ቆርቆሮውን ይመታዋል። ከቀትር በኋላ ጣሪያው ይንጣጣል፤ ላብ በጀርባዬ ወርዶ አንሶላውን ያጣብቅብኛል። በቀን ሃያ ኪሎ ሜትር እሄድ የነበርኩት ሰው ግራ ጎኔ ሲደክመኝ ወደ ቀኝ ለመዞር ሰው እጠብቅ ጀመር። ባለቤቴ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ፖፖውን ትደፋለች፤ ውሃና ዳቦ ከአጠገቤ ታስቀምጣለች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ እስክትመለስ ያለው ጊዜ ለእኔ አንድ ዓመት ነው።

ባለቤቴ የወለጋ ልጅ ናት፤ ጴንጤ። እኔ ደግሞ የመንዝ ሰው ልጅ ነኝ፤ በማርያም ስም እየማልኩ ነው ያደግኩት። ስንጋባ የሁለታችንም ወገን አኩርፎ ነበር። እኛ ግን ተስማምተን እንኖር ነበር፤ እሷ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ፣ እኔ በበዓል ወደ ቤተ ክርስቲያኔ። እኔ በተኛሁበት ዓመት የእነሱ ታሸገ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈበት፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ተጭነው ወደ ቀበሌ አዳራሽ ተወሰዱ። ያን ጊዜ በየቤቱ ተሰብስቦ መጸለይም ያሳስር ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ሰዎች ሊጠይቁህ ይፈልጋሉ" አለችኝ።

"ይምጡ። ማን ከለከላቸው?"

"ብዙ ናቸው።"

"ስንት?"

"አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።"

ፊቷን አየሁት። ወደ ጉልበቷ ነው የምታየው።

"አንድ ላይ?"

"ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ።"

"እኔን ሊጠይቁ ነው?"

"አንተንም" አለች።

እንቢ ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን እሺ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእምነቷ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምጣት ጀመሩ። ብርቱካን ወይም አጥሚት ይይዛሉ። ግቢው እንዲሰማ በሩ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እግዜር ይማርዎ! ዛሬስ እንዴት ነዎት?" ይላሉ። ከገቡ በኋላ ድምፅ የለም። ሲዘምሩ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ምቱን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታሉ። ያንን መጀመሪያ ሳይ ፀጉሬ ቆመ። መጽሐፍ ቅዱሶቻቸው የሚቀመጡት በእግሬ በኩል ከፍራሹ ሥር ነበር፤ የታመመ ሰው ፍራሽ ማንም አያነሳም ተብሎ። ሊሄዱ ሲሉ ዙሪያዬን ከበው እጃቸውን እግሬ ላይ ጭነው ይጸልዩልኛል። እኔ በብርድ ልብሱ ውስጥ አማትባለሁ።

መሪያቸው ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ካፖርት የሚለብሱ ሽማግሌ ናቸው። የመርፌ መቀቀያ ቆርቆሯቸውን ይዘው ስለሚመጡ ማንም ለምን መጡ አይላቸውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሌሎቹ ሄደው እሳቸው ብቻ ሲቀሩ፣ ውስጤ ሲብላላ የከረመውን ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ብድንልዎት ምን ትሆናላችሁ?"

ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ተዉት።

"እሱን እኔም አስቤዋለሁ" አሉ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ መዳን አለብህ። እኛ የምንሰበሰበው በሰው ስቃይ ተጠልለን ከሆነ ምኑን ጸለይነው? ነገ ጠዋት እመጣለሁ።"

መጡም። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ተኝቼ ጉልበቴን ወደ ፍራሹ መጫን ነው። ቀላል ይመስላል፤ በአምስተኛው ጥርሴን ነክሻለሁ። ከዚያ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጠው ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩልኝ፤ እሱን በደህናው እግሬ መሳብ ነው። በክንዴ ደግሞ አሸዋ የሞላ ከረጢት አነሳለሁ። "ክንድህ ነው ከእንግዲህ እግርህ" ይሉኛል። አናጺ ዘንድ ሄደው ከባሕር ዛፍ ሁለት ክራንች አሠሩልኝ። ከመኪና ጎማ በርባሶ ጫማ የሚሠራው ሰውዬ ጫፋቸው ላይ ጎማ መታበት። ብብቴ እንዳይላጥም ባለቤቴ አሮጌ ሹራቧን ቀዳ ጠቀለለችባቸው።

መጀመሪያ ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው ሄድኩ። ከዚያ እስከ በሩ። ብረቱ ውስጤ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ነው ሕመሙ ወገቤን ይዞ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚወርደው። ቢሆንም ቆሜ ነበር። የራሴን ቤት ከቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ሳየው አዲስ ሆነብኝ፤ ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን አቧራ እንኳ አየሁት።

ደስታዬን ለባለቤቴ ሳሳያት ሳቀች፤ አቀፈችኝ። ሁለቱን እጆቿን ደረቴ ላይ እንዳደረገች ግን፣ "ከበሩ ግን እንዳትወጣ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ለቀበሌ ከአልጋ አይነሳም ብያለሁ። ከስብሰባ የቀረኸውም በእሱ ነው፤ ጠያቂ የሚበዛውም በእሱ ነው። ጎረቤት ቆመህ ካየህ ወሬው ይደርሳል።"

"እስከ መቼ?"

"ትንሽ ጊዜ።"

ትንሹ ጊዜ ሰባት ወር ሆነ። መጋረጃውን ዘግቼ ክፍሉ ውስጥ እዞራለሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስድስት ርምጃ ነው፤ ስድስት ሄጄ እዞራለሁ፤ ስድስት ሄጄ እዞራለሁ። የክራንቹ ኮቴ እንዳይሰማ ወለሉ ላይ ጆንያ አንጥፈናል። ግቢ ውስጥ የሰው ድምፅ ሲመጣ ተመልሼ እጋደማለሁ። የተኛሁት አቅቶኝ በነበረ ጊዜ ስቃዬን እንደ ዕጣዬ እቀበለው ነበር። መነሳት እየቻልኩ መተኛት ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ሐሙስ እግሬ ላይ እጃቸውን ጭነው "ጌታ ሆይ አስነሳው" ሲሉ እናደድባቸው ጀመር። አንድ ቀን ለባለቤቴ፣ "ያሰረኝ መንግሥት ነው፣ ብረቱ ነው፣ ወይስ አንቺ ነሽ?" አልኳት። የተማሪዎቿን ደብተር ይዛ ወደ ሌላው ክፍል ገባች።

በዚያ ሰሞን አንድ የአብዮት ጠባቂ መጣ። ድሮ ባለጋሪ ነበር፤ ፈረሱን ሆዱን ቆርጦት ሊሞት ሲል ያዳንኩለት ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም ብለው አይሰማም። ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባና በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

"አከም ጅርቱ፣ ዶክተር?"

"ፈያ። አንተስ? ፈረሱስ?"

"ሸጥኩት።" ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዶክተር፣ ጠያቂ በዝቶብዎታል ይባላል።"

"ታምሜ ነዋ።"

"እሱማ አዎ። ግን የሚያምዎት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው እንዴ?"

ሻይ እንዲጠጣ ለመንኩት፤ እንቢ ብሎ ወጣ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ቀኑን እየቀያየሩ፣ ቁጥራቸውን ቀንሰው ይመጡ ጀመር።

ያንን ሁሉ ካበላሸው ሰው ጋር አሁን እንተዋወቅ፤ እኔው ነኝ። ማክሰኞ ቀን ነበር። ሙቀቱ የሚያፍን ነበር፤ ባለቤቴ ትምህርት ቤት ነች፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ገበያ ወጥተዋል። ስድስቱን ርምጃ እየዞርኩ በድንገት በሩ ጋ ቆምኩ። ጫማዬን ከአልጋው ሥር በሽቦ ስቤ አወጣሁና ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። ደረጃውን ተቀምጬ፣ አንድ በአንድ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። የግቢውን በር ከፈትኩ።

መንገዱ እዚያው ነበር። ጋሪዎች፣ አህዮች፣ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የሚያልፍ መኪና፣ ፀሐይ። አስፋልቱ ዳር ያለው ሻይ ቤት ደርሼ አግዳሚው ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ "እንኳን ለዚህ አበቃዎት" ይለኛል። ሻይ አዘዝኩ፤ ሁለተኛም አዘዝኩ። እንባዬ እየመጣ ስለነበር ብርጭቆውን ከፊቴ አላወርድም ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሲያልፍ አየኝና ቆመ። መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

"ጓድ! እንኳን ደስ ያለዎት! ዳኑ ማለት ነዋ!"

"ትንሽ ተሽሎኛል።"

"ደግ ነው፣ ደግ ነው። እንግዲህ እሑድ ስብሰባ ላይ እንገናኛለን" አለና ፈገግ እንዳለ ሄደ።

ቤቴ ተመልሼ ጫማዬን አልጋው ሥር ደበቅኩት። ባለቤቴ ስትመጣ አልነገርኳትም። ረቡዕም አልነገርኳትም፤ ሐሙስም። ብነግራት ኖሮ ሰዎቹን አትምጡ ትል ነበር። ግን ከነገርኳት ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ታደርግብኛለች ብዬ ፈራሁ። እንደማታደርገው አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አእምሮዬ የዚያን ክፍል ያህል ጠቦ ነበር።

እሑድ ስብሰባ አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዎች እኛ ቤት ነበሩ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሊቀመንበሩና አራት ጠባቂዎች ገቡ፤ ከእነሱ አንዱ ያ ባለጋሪ ነው፤ መሬት መሬት ያያል።

"ሁላችሁም ባላችሁበት!" አለ ሊቀመንበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጓድ፣ ይነሱ።"

"አልችልም።"

"ማክሰኞ ዕለት ሻይ ቤት የነበረው ታዲያ ማን ነው?"

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። በሕይወቴ ብዙ አስከፊ ነገር አይቻለሁ፤ የእሷን የዚያን ጊዜ አስተያየት ያህል የከበደኝ የለም።

ተነሳሁ። ለወራት ሲጸልዩልኝ ከርመው ቆሜ አይተውኝ በማያውቁ ሰዎች ፊት በሁለት ክራንች ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ ሳታስበው "ተመስገን!" ብላ አፏን ያዘች። ጠባቂዎቹ ፍራሹን ገልብጠው አምስት መጽሐፍ አወጡ። ሁሉንም ሰው እየገፉ ሲያስወጡ እኔም ተከተልኩ። ሊቀመንበሩ በእጁ ከለከለኝ።

"ይሄን አንካሳ የት አስቀምጠዋለሁ? ተዉት" አለ።

ግቢው ጸጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያመጡት ብርቱካን ተደርድሯል። እኔ ክራንቼን እንደተደገፍኩ መሐል ቤት ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ፣ ምግብ ከቤት እንደሚገባላቸው ተነገረ። በግቢያችን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እንጀራና ሽሮ በሳህን አድርገው በጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ።

"ባደርስልህ ደስ ይለኝ ነበር ልጄ፤ ግን ፈራሁ" አሉኝ።

"ይገባኛል እማማ። እኔው እወስደዋለሁ።"

ቋጠሮውን አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ቀበሌው ለጤነኛ ሰው ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። የአዳማ አሸዋ ክራንች ይውጣል፤ እያንዳንዱን ርምጃ እንደ ካስማ ነቅዬ ነው የማወጣው። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋ አርፋለሁ፤ የኒም ዛፏ ጥላ ሥር አርፋለሁ፤ ድልድዩ ጠርዝ ላይ ተደግፌ አርፋለሁ። ስደርስ ሽሮው ቀዝቅዟል። የታሰሩት ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። ማየት አይፈቀድም። ጠባቂው እንጀራውን በእንጨት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያስገባዋል፤ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳህኑን እጠብቃለሁ።

ሳህኑ ሲመለስ ምግቡ እንዳለ ነው። በሁለተኛው ቀንም ጫፉ ብቻ ተነክቶ ተመለሰ። በሦስተኛውም።

"ታማለች እንዴ?" ብዬ ባለጋሪውን ጠየቅኩት።

"አልታመመችም።"

"ታዲያ ለምን አትበላም?"

"ዶክተር፣ እኔ ምን አውቃለሁ?" አለና ወደ ሌላ ዞረ።

በስምንተኛው ቀን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ክራንቼ ድንጋይ ረግጦ ሸሸና ወደቅኩ። በታመመው ጎኔ ነው የወደቅኩት። ሳህኑ ተገልብጦ ሽሮው አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ጩኸቴን መግታት አልቻልኩም። ባለጋሪው ጠመንጃውን ጥሎ መጥቶ በብብቴ አነሳኝ፤ ሱሪዬን አራገፈልኝ። የዚያን ቀን ባለቤቴ ምሳ አልገባላትም። በማግስቱ አልችልም ብዬ ነበር የነቃሁት፤ ግን ሄድኩ። ሳህኑ ሙልጭ ብሎ፣ በውሃ ታጥቦ ወጣልኝ። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋ ስደርስ ተደግፌ አለቀስኩ።

ሌሎቹን በሁለት ሳምንት ለቀቋቸው። ባለቤቴና ድሬሰሩ ግን ሰብሳቢዎች ተብለው ቀሩ። ሁለት ወር ተኩል፣ አንድም ቀን ሳላጎድል ሄድኩ። መንገዱ ቀላል አልሆነልኝም፤ ክንዴ ግን ጠነከረ። ሱቅ የሚሸጡት፣ ወፍጮ የሚጠብቁት ሁሉ ለመዱኝ። "ዛሬ ፈጠኑ" ይሉኛል፤ "ዛሬ ዘገዩ" ይሉኛል። ከሰባት ወር እስር በኋላ የከተማው ሰው መልሶ ያወቀኝ ሚስቴን በማበላበት መንገድ ላይ ነው። ይህንን ሳስብ ደስታዬ ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን አንግቤ ኒሟ ጋ ሳርፍ፣ ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ቀስ እያለች ስትመጣ አየሁ። ነጠላዋ ቆሽሿል፤ ከስታለች። እኔ ዘንድ እስክትደርስ አላወቅኳትም።

"ፈርሜ ለቀቁኝ" አለች። "ከእንግዲህ ሰው አልሰበስብም ብዬ።"

አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ጨርቁን ፈታሁና ምሳዋን እዚያው መሐላችን አስቀምጠን በላን። ሰው እያየን ያልፋል። ጥቂት ከበላን በኋላ እጇን ሳህኑ ላይ እንዳደረገች ጠየቀችኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈርቼ።"

"ማንን?"

"አንቺን። ሁለተኛ አትወጣም እንዳትይኝ።"

እጇን ከሳህኑ አንስታ በነጠላዋ ጠረገች።

"መጀመሪያ ያንተን እህል አልቀምስም ብዬ ነበር" አለች። "ስምህን ሲጠሩብኝ እንኳ ጆሮዬን እደፍን ነበር። ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው። የወደቅክ ቀን አየሁህ። ባለጋሪው ሲያነሳህ፣ አንተ ግን ሳህኑን ስትፈልግ አየሁ።"

"ይቅር በይኝ።"

"እኔም የምነግርህ አለኝ" አለች፤ አሁን ነው ፊቷን ወደ እኔ ያዞረችው። "ለእግርህ ስጸልይ፣ ጌታ ሆይ ቀስ ብሎ ይዳን እል ነበር። ቀስ ብሎ። እንዲህ የጸለይኩት አንድ ቀን ብቻ አይደለም።"

እንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ጎረሰች። ከዚያ እሷ በባዶ እጇ፣ እኔ በክራንቼ፣ የእኔን አረማመድ ጠብቃ አብረን ወደ ቤት ሄድን።

ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ማንም ተሰብስቦ አያውቅም። ባለቤቴ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ትጠፋለች፤ የት ነበርሽ ብያት አላውቅም። መሥሪያ ቤቴ ከአንድ ዓመት በኋላ መለሰኝ፤ ሜዳ ግን አይደለም። የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ወንበር ሰጡኝ። ማቀዝቀዣዎቹን እጠብቃለሁ፤ ሜዳ ለሚወጡት ልጆች መድኃኒቱን በረዶ ባለበት ሣጥን አሽጌ እሰጣለሁ። እነሱ ወደ አዳሚ ቱሉ፣ ወደ ወለንጪቲ ሲሄዱ እኔ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ እቀራለሁ። ለሆስፒታሉ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ሁለቱም ጊዜ ተራዬን እንድጠብቅ ተጻፈልኝ። ብረቱ በዚያ መንግሥት ዘመን አልተቀየረልኝም። ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ግን ጉልበቴን ወደ ፍራሹ እጫናለሁ፤ ሃያ ጊዜ። ላስቲኩም አሁን ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱ ተበጥሰውብኛል።

ድሬሰሩ ከእስር የወጡት ደረታቸው ታሞ ነው። ልጃቸው መቂ ስለነበረች እሷ ዘንድ ሄዱ። አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቲማቲም በሣጥን በተደረደረበት ግቢ ውስጥ በካፖርታቸው ተጠቅልለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ "እስቲ ሂድልኝ ልይህ" አሉኝ። በሣጥኖቹ መሐል ሄጄ ተመለስኩ።

"ትከሻህ ወደ ግራ ይዘነብላል" አሉ።

"ጋሼ፣ በሕይወት መሄዴን አያመሰግኑልኝም?"

"አመስግኛለሁ። ትከሻህ ግን ይዘነብላል። ድገመው።"

ደገምኩት። ሲሳሉ ልጃቸው ውሃ አመጣችላቸው፤ ጠጥተው እንደገና አስኬዱኝ። ስሰናበታቸው እጄን ይዘው "ሐሙስ ሐሙስ አስብሃለሁ" አሉኝ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ስመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። አንድ ገበሬ ክራንቼን አይቶ ብድግ አለልኝ፤ ወንበሩ ግን ጠባብ ነው፤ እንደዚያ ታጥፌ ከተቀመጥኩ ዳሌዬ አይችለውም። አመሰግናለሁ፣ ይቀመጡ አልኩት። አልሰማ ብሎ ጥቂት ተከራከረኝ። በመጨረሻ እሱ ተቀመጠ፣ እኔ ሁለቱን ክራንች በአንድ እጄ፣ የጣሪያውን ብረት በሌላው ይዤ እስከ አዳማ ድረስ ቆሜ ሄድኩ።